የላኳትስ?

«ቅዳሜ ሐርላ እንውጣ፤ ፊልም አለ» ያለኝ ድሬዳዋ ታሪክ የሚያስተምር የቆየ ወዳጄ ነው። እኔ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ድሬ ሰንብቻለሁ። ሐርላ ፊልም አለ ሲለኝ ሳቄ መጣ። እኔ የማውቃት ሐርላ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ የደንገጎን ዳገት ከመያያዙ በፊት በመስኮት አይቷት የሚያልፋት የገጠር መንደር ናት።

«የምን ፊልም?» አልኩት።

«የስለላ። ያውም የድሮ። ሚስት ባሏን የምትሰልልበት።»

«ተኩስ አለው?»

«የለውም አቦ! ወሬ ብቻ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያወራሉ።»

ሄድኩ። ተኩስማ የት ጠፍቶ!

እግረ መንገዴን ስለ ሐርላ አንድ ነገር ልበል፤ በመስኮት ታይታ የምትታለፍ አይደለችምና። የአካባቢው ገበሬዎች መሬታቸውን ሲቆፍሩ ጨሌና የማያውቁት አገር ሳንቲም ሲያገኙ ኖረዋል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዛዊው አርኪዎሎጂስት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ሲቆፍሩ፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ ከየመንና ከቻይና፣ ከማልዲቭስና ከማዳጋስካር ሳይቀር የመጡ ዕቃዎች ተገኙ። የመንደሩ ሰዎች ደግሞ የድንጋዩን ትልቅነት አይተው «እዚህ የኖሩት ግዙፎች ናቸው» ሲሉ ቆይተዋል። እንግዲህ ሐርላ ማለት ከላይ ጫትና ፍየል፣ ከታች ሌላ ከተማ ናት። ለስለላ ፊልም የሚስማማ ቦታ ነው።

የወዳጄ እናት ዕድሜያቸውን አብዛኛውን ድሬዳዋ ከተማ ነው የኖሩት። ባላቸው ሲሞቱ ወደ ዘመዶቻቸው መንደር ወደ ሐርላ ተመለሱ። ልጆቹ «አዮ» ነው የሚሏቸው፤ እናት ማለት ነው። እኔም አዮ አልኳቸው። ገና ከበሩ ስንገባ ፍራሹ ተነጥፎ፣ ትራሱ ተደርድሮ፣ ወጣቶቹ የወንድማቸው ልጆች በርጫውን ጀምረው ጠበቁን። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ነው። አዮ ከበሩ አጠገብ ጀበናቸውን ጥደው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ ከሰሉ፣ ጀርባቸው ወደ ፊልሙ።

ወዳጄ ፍላሹን ሰካ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ መሆኑ ሲታይ ከፍራሹ ተቃውሞ ተነሣ። «ቀለሙ የት አለ?» አለ አንደኛው። ወዳጄ ሪሞቱን ይዞ ቆመና እንግሊዝኛውን እየሰማ በአማርኛ፣ አማርኛው ሲያጥረው በኦሮምኛ ማስተርጎም ጀመረ። በ1980ዎቹ እኛ ሰፈር የነበረው ቪዲዮ ቤት ትዝ አለኝ። ሽልንግ ከፍለን አግዳሚ ወንበር ላይ እንጠባበቅ ነበር። አንድ ተርጓሚም ነበረን፤ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ግን አያፍርም። ራምቦ አፉን ሳይከፍት «አሁን ልገድልህ ነው እያለው ነው» ይለናል። ደግሞ አይሳሳትም። ያ ዓይነት ፊልም ተርጓሚ አይቸግረውም፤ ሰዎቹ የሚሉትና የሚያደርጉት አንድ ነው።

የዛሬው ፊልም ግን መምህሩን አስጨነቀው። ፊልሙ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኖቶሪየስ» ነው። ቃሉ «በክፉ ስሟ የታወቀች» እንደ ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አሊሺያ የምትባል ሴት (ኢንግሪድ በርግማን ናት) አባቷ ለናዚዎች ሲሰልል ተይዞ ይፈረድበታል። እሷ በኀፍረት መጠጥ ውስጥ ትገባለች። ዴቭሊን የተባለ የአሜሪካ መንግሥት ሰላይ (ኬሪ ግራንት) ይመጣና ለአገርሽ ሥሪ ብሎ ያግባባታል። ሪዮ ዴ ጃኔሮ ወስዶ ሥራዋን ሲጠባበቁ ይዋደዳሉ። ከዚያ ትእዛዙ ይመጣል፦ ሴባስቲያን የሚባል የአባትሽ ወዳጅ አለ፤ ድሮ ይወድሽ ነበር፤ ቅረቢው፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰበሰቡት ናዚዎች ምን እንደሚዶልቱ አምጪልን። ትቀርበዋለች። ሰውየውም እሷን ከመውደዱ የተነሣ ላግባሽ ይላታል። ታገባዋለች።

አስቸጋሪው ትርጉም የትኛው መሰላችሁ? ፖለቲካው አይደለም። የእራቱ ወሬ ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ሰገነት ላይ ተቃቅፈው እየተሳሳሙ ስለ እራት ያወራሉ፤ ዶሮ እሠራለሁ ትለዋለች። (እዚህ ላይ ወዳጄ እናቱ ፊት መሆኑን አስታውሶ ሪሞቱ ላይ ሲረባረብ ፊልሙን አርባ ደቂቃ ወደፊት ወረወረው፤ መልሶ ለማግኘት ሌላ ጊዜ ፈጀ። አዮ እንደሆነ ዞር ብለውም አላዩ።) ዴቭሊን ወደ ቢሮ ተጠርቶ ሄዶ ትእዛዙን ይዞ ሲመለስ ያው ወሬ ይቀጥላል፤ ስለ እራቱ፣ ስለ ምግቡ መቀዝቀዝ። እሷ የምትጠብቀው «አትሂጂ» እንዲላት ነው። እሱ የሚጠብቀው «አልሄድም» እንድትለው ነው። ሁለቱም አይሉም። ወዳጄ ቃሉን በሙሉ ከተረጎመ በኋላ ዝም አለና «እንደዚህ ይላሉ እንጂ የሚያወሩት ሌላ ነው» አለን። ከዚያ ቀን በፊትም ከዚያ በኋላም ስለዚህ ፊልም ከዚህ የተሻለ ሒስ አልሰማሁም። የሰላይና የፍቅረኛ ንግግር አንድ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው፤ ሰሙ እራት፣ ወርቁ «ተሸጥኩ ወይስ ተወደድኩ?» የሚል ጥያቄ።

ጋብቻው ሲመጣ ፍራሹ ላይ ጦርነት ተነሣ።

«አታፍርም እንዴ? ባሏን ለመንግሥት የምትሸጥ ሴት!»

«ሰውየው እኮ ናዚ ነው።»

«ይሁና! ባሏ ነው!»

«ሳትወደው ነው ያገባችው።»

«እና? ስንቱ ሳይዋደድ ተጋብቶ እየኖረ አይደለም እንዴ!»

እኔም እውነቱን ልናገርና ከከሳሾቹ ወገን ነበርኩ። ፊልሙን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያየሁት በዴቭሊን ዓይን ነው። ሴትዮዋ ታሳዝናለች፤ ግን ትጠረጠራለች። የፊልሙ ስም ራሱ ገና ሳንገባ ፈርዶባታል። ስለዚህ ለወጣቶቹ ስለ ካሜራው ላስረዳ ተዘጋጀሁ፤ ከደረጃው አናት ተነሥቶ እንዴት ወርዶ ወርዶ እጇ ውስጥ የደበቀችው ቁልፍ ላይ እንደሚያርፍ። ቁልፉ የወይን ጠጅ ማከማቻው ነው። ከባሏ የቁልፍ መያዣ አውጥታ የሰረቀችው ነው። ከቤቱ ምድር ቤት የተደረደሩት ጠርሙሶች ውስጥ ያለው የወይን ጠጅ ሳይሆን ዩራኒየም ያለበት ጥቁር አሸዋ ነው። «ሐርላን ይመስላል፤ ነገሩ ሁሉ ከመሬት በታች ነው» አልኩ፤ ተሳቀልኝ።

ቀጥሎ ባልየው ይነቃል። የሚስቱን ነገር ያወቀ ባል የት ይሄዳል? ወደ እናቱ። ሌሊት የእናቱን መኝታ ቤት ከፍቶ ገብቶ የአሜሪካ ሰላይ ማግባቱን ይነግራታል። እናትየዋ አትደነግጥም፤ ሲጋራዋን ትለኩሳለች። ከዚያ የሚያደርጉትን ይወስናሉ፤ ግብረ አበሮቹ ሰላይ ማግባቱን ካወቁ የሚገድሉት እሱን ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ቀስ እያለች፣ በበሽታ መስላ፣ ማንም ሳይጠረጥር መሞት አለባት። መርዙ የሚገባው ደግሞ…

«ቡናው ውስጥ ነው» ብሎ ወዳጄ ተረጎመ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለተኛው ቡና ገና መቀዳቱ ነበር። አንደኛው ወጣት ሲኒውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና «አዮ፣ ይሄን ማን ቀዳው?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ሁላችንም ዓይናችን ከሲኒው አልነቀለም። የሂችኮክ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም። አማት ጥልፏን ትሠራለች። ባል ስለ ሚስቱ ጤንነት ይጨነቃል። እንግዳ አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ቡናሽ እንዳይቀዘቅዝ ይባላል። የሚገድለው ጨዋነቱ ነው። እሷ ባሏን በፍቅር ንግግር አታለለች፤ እሱ ደግሞ በእንክብካቤ ንግግር ይገድላታል። እኛ ቡና ሰው ሲጠራራበት የኖርን ሰዎች ይህን ትዕይንት ከአሜሪካኖቹ አብልጠን ብንፈራው አይገርምም።

አዮ እስከዚህ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከሰሉን እያራገቡ፣ አሁንም ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ልጄ» አሉት ወዳጄን።

«አቤት አዮ።»

«ልጅቷን የላኳትስ? እነሱ ሚስት የላቸውም?»

ወዳጄ መልስ አጣ። ፊልሙን አቆመው። እኔም ያኔ ነው ከዚህ ቀደም ዓይቼው ያላየሁት ትዝ ያለኝ። የዴቭሊን አለቃ አለ፤ የተከበረ፣ የተረጋጋ፣ መልከ መልካም ሰውዬ። ስለ አሊሺያ አደጋ ላይ መሆን ሲወራለት ሰውየው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ብስኩትና ቺዝ እየበላ ነው። ፍርፋሪው ደረቱ ላይ ይወድቃል። አይጮህም፣ አይሰድብም፣ ክፉ ሰውም አይመስልም። ጋብቻውን ያጸደቀውም እሱ ነው። ሌላው ሴት አልጋ ላይ መንግሥት ሲያስተኛ፣ እሱ የራሱ አልጋ ላይ ብስኩት ይበላል። ሂችኮክ ይህን አይቶታል፤ አስቀምጦታል። ግን አልተመለሰበትም።

የፊልሙ ጉድለትም ይኸው ነው ባይ ነኝ። መጨረሻው ያምራል፤ ዴቭሊን መጥቶ እንደሚወዳት ይነግራታል፣ ደግፎ በዚያ ረጅም ደረጃ ናዚዎቹ ቆመው እያዩ ያወርዳታል፣ ባልየው በገዛ ውሸቱ ተጠፍሮ ሊያስቆማቸው አይችልም፣ በሩ ይዘጋበታል። ልብ ይሰቅላል። ነገር ግን ዴቭሊን ደረጃውን ሲወርድ ከነጥፋቱ ይጸዳል። የላካትም ያዳናትም እሱ ነው፤ ሒሳቡ የተወራረደ ይመስለናል። ቢሮው ግን አልተጠየቀም። አሊሺያም መኪናው ውስጥ ገብታ ስትሄድ ስለላኳት ሰዎች ምን እንደምታስብ አልነገረችንም። ያ ሁሉ ወሬ ባለበት ፊልም ውስጥ የጎደለው አንድ ንግግር ይህ ነው።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ አንዱ ወጣት «የኛ አገር እንዲህ ዓይነት የለም?» ብሎ ጠየቀ። «መጽሐፍ አለ» አለው ወዳጄ፤ ሁለታችንም የየትኛውን መጽሐፍ ስም እንደሚጠራ አውቀናል።

በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» የስለላ ልብ ወለድ ነው ቢባል የሚከፋቸው ሰዎች አሉ። የፖለቲካ ነው፣ የጦርነት ነው፣ የታሪክ ነው ይላሉ። ነው። ነገር ግን በ1974 ዓ.ም. ስለተጀመረው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ብቻ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ መጽሐፍ ያገኛል። «ኦሮማይ»ን እጅ ላይ የሚያጣብቀው ንግግሩ ነው። በቢሮ፣ በሆቴል፣ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በመጠጥ ቤት ሰዎች ያወራሉ፤ የሚያወሩት ሁሉ ሁለት ትርጉም አለው። ዋናው ባለታሪክ ጸጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ናት። እሱ አስመራ ሄዶ ለዘመቻው ፕሮፓጋንዳ ይመራል። እዚያ ፊያሜታን ይወዳል። ፊያሜታ ማን ናት? ለማን ትሠራለች? የሚለው ጥርጣሬ መጽሐፉን ይዞት ይሄዳል።

አሁን ከ«ኖቶሪየስ» ጋር አስተያዩት። በአሜሪካኖቹ ፊልም የሚዋሸው አንድ ቤት ውስጥ ነው። በበዓሉ መጽሐፍ ግን ጸጋዬ በአንድ አፍ ለሮማን ይዋሻል፣ ለሕዝብ ያላመነበትን ተስፋ ይናገራል፣ ወዲያው ደግሞ ፊያሜታ እውነቷን ነው ወይ ብሎ ይጨነቃል። እውነትን ለመንግሥት የሸጠ ሰው ፍቅረኛው እውነት እንድትነግረው ሲጠብቅ ማየት ያሳፍራል፤ በዓሉም እንድናፍርለት ነው የጻፈው። ጥያቄው «ሰላዩ ማን ነው?» አይደለም። ሁሉም ሰው ሪፖርት አቅራቢ በሆነበት አገር ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ማውራት ይችላሉ ወይ? ነው።

ጉድለትም አለበት። ሮማን መጽሐፉ ዳር ላይ የቀረች ሴት ናት። አዲስ አበባ ሆና ትጠብቃለች፤ የምትጠይቀውን የሚመልስላት የለም። ፊያሜታም ብትሆን ከሐሳቧ ይልቅ ቁንጅናዋ ብዙ ገጽ ተሰጥቶታል። እንደ ሂችኮክ ሁሉ በዓሉም ሴቶቹን የምናያቸው በአንድ ወንድ ዓይን እንዲሆን አድርጓል። ነገር ግን የላኪዎቹን ቢሮ በሩን ከፍቶ ያሳየን እሱ ነው። ሂችኮክ ብስኩቱን አሳይቶ አልፏል፤ በዓሉ ሰዎቹን ስብሰባ ላይ አስቀምጦ አስለፍልፏቸዋል። ያውም እሱ ራሱ የዚያ ቤት ሹም ሆኖ፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ።

ዋጋውን ታውቁታላችሁ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ቤተሰቡ ጠበቀ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ የውጭ አንባቢዎች እንደ ስለላ ታሪክ ተቀበሉት። እኛ ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ የምናነበው ከመጽሐፉ ውጪ ነው፤ እዚያም ባሏን የምትጠብቅ ሴት አለች፤ እዚያም ላኪዎቹ ስማቸውን አልተናገሩም።

«የድሮውንስ ብትሠሩት?» አለ ታሪክ አስተማሪው፤ ሙያው ጎትቶት። እውነት አለው። ይህ በሐርላ አጠገብ የሚያልፈው የሐረር መንገድ ስንት ሤራ አይቷል! ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን ሲሻሩ እሳቸው ሐረር ነበሩ። የአውሮፓ ጦርነት ላይ ነው፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ከጀርመንና ከቱርክ ወገን ሆኑ ብለው ጠርጥረዋቸዋል፤ ወሬ ይሰበሰባል፣ ወሬ ይነዛል። ኢያሱ ከየባላባቱ ቤት ያገቡ ነበር፤ ጋብቻቸው ፖለቲካ ነው። ከዙፋኑ ሲወርዱ የነገሡት ዘውዲቱ ደግሞ ለመንገሥ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ መለየት ነበረባቸው። ባልየው ቤጌምድር፣ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ዓንቺም ላይ ሲዋጉ ከመንግሥት በኩል የመጣ አውሮፕላን ወረቀትም ቦምብም ጣለባቸው። ሞቱ። በሁለተኛው ቀን መጋቢት 24 ንግሥቲቱም ዐረፉ።

እስቲ ይህን ፊልም አስቡት! ተኩሱን ተዉት፤ ንግሥቲቱንና መኳንንቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡና ከባልሽ ተለዪ የሚባልበትን ንግግር ጻፉት። ማን ተናገረ? በምን ቃል ጀመረ? ስለ ምን እያወሩ መሰሉ? እርግጠኛ ነኝ «ባልሽን ፍቺ» አልተባለም። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ አገር ሰላም፣ ስለ አባትዎ አልጋ ነው የሚወራው። ሰም ነው። ፊልም ሠሪዎቻችን የትዳር ማታለልን ጠግበው ሠርተዋል፤ ሚስት ባሏን ከጓደኛው ጋር፣ ባል ሚስቱን ከሠራተኛዋ ጋር። የቤተ መንግሥት ሤራም በየጊዜው ይሞከራል። ሁለቱ የሚገናኙበትን፣ መንግሥት ጫማውን አውልቆ መኝታ ቤት የሚገባበትን ሰዓት ግን እንሸሸዋለን። ለምን? ብዬ ሳስብ የመጣልኝ መልስ ይህ ነው፦ ያኔ ከሳሽና ተከሳሽን ለመለየት ያስቸግረናል። ሴቲቱ ላይ መፍረድ ይቀላል።

ይህን ሁሉ ፍራሹ ላይ ተንጋልዬ ስዘረዝር አዮ ሰሙኝ መሰለኝ። ጀበናውን እንደገና ጥደው ወደኛ ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እኔም ተልኬያለሁ» አሉ።

በ1970 ዓ.ም. ነው አሉ። ድሬዳዋ፤ ቀይ ሽብር ላይ። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ማታ ማታ ጓደኞቻቸው እየመጡ ቡና ይጠጣሉ፤ ይጫወታሉ። አንድ ቀን አዮን የቀበሌ ሰዎች ጠሯቸው። ስድብ የለም፣ ዱላ የለም። «እህታችን» ነው የተባሉት። ወንበር ተሰጣቸው። ባልሽ ማታ ስንት ሰዓት ይገባል? ማን ጋር ይገባል? ምን ያወራሉ? በሳምንት አንድ ቀን እየመጣሽ ንገሪን። ለእሱ ግን እንዳትነግሪው፤ ለራሱ ደኅንነት ነው።

«ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? ሦስት ልጅ አለኝ።»

ለባላቸው ቢነግሩ ሰውየው ቁጡ ናቸው፤ ወይ ሄደው ይጣላሉ፣ ወይ ይጠፋሉ፤ ሁለቱም ሞት ነው። ለቀበሌው ውሸት ቢናገሩ ከጓደኞቹ አንዱ ሌላ ቦታ ተጠይቆ ሌላ ቢል ይያዛሉ። ስለዚህ አንድ መላ አገኙ። ቤታቸው ሰው እንዳይመጣ አደረጉ። እንግዳ ሲመጣ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ቡና አልቋል ይላሉ። ከሰል የለም ይላሉ። ሲኒ ተሰብሯል ይላሉ። ቀስ በቀስ ሰዎቹ ቀሩ። ቀበሌ ሲጠየቁ «ማንም አይመጣም፤ በልቶ ይተኛል» ይላሉ፤ እውነት ሆነ።

«የሚነገር እንዳይኖር ነው ልጄ።»

«ከዚያ በኋላስ አልነገሩትም? ደርግ ሲወድቅ?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ‹ሰላይህ እኔ ነበርኩ› ልበለው?» አሉና ከሰሉን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «እስኪሞት ድረስ ቡና የምሰስት ሴት ነበርኩ። ለሰውም እንደዚያ ነው የሚነግረው። ‹የኔ ሚስት ቡና አትወድም› ይላል።»

ወዳጄን ዞር ብዬ አየሁት። ሪሞቱን እንደያዘ ነው። ልጅ ሆኖ የሚያስታውሰው አባቱ ጎረቤት ሄደው ቡና ሲጠጡና እናቱን ሲወቅሱ ነው። እሱም ወቅሷቸዋል። ለዓመታት ታሪክ ያስተምራል፤ ስለ ቀይ ሽብር ለተማሪዎቹ ቀንና ቁጥር ይነግራል። ይህን ግን ከእናቱ አልሰማም ነበር። ከፍራሹ ላይ ያንን ሁሉ የፈረድነው ሰዎች አንዳችንም ቃል አልወጣንም።

የባልና ሚስት ማታለል የሚባለውን እኔ ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች መካከል ያለ ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው፤ አንዱ ይበድላል፣ አንዱ ይበደላል። ለካ ሦስተኛ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ወንበር የሚሰጥ፣ «እህታችን» የሚል፣ ስሙ የማይነሣ። እሱ ሳይቆጠር የሚጻፍ ሒስ፣ የሚሠራ ፊልም፣ ፍራሽ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ጎዶሎ ነው። የኔንም ጨምሮ።

መሽቷል፤ ወደ ከተማ የሚመልሰን መኪና እንዳያመልጠን ጫማችንን መፈለግ ጀመርን።

«በረካውን ሳትጠጡማ አትሄዱም» አሉ አዮ።

ወዳጄ ሄዶ ከእናቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኛም ተመልሰን ተቀመጥን።